ምዕራፍ ስድስት፦ በጣና ዳርቻ የሚኖር ኮምፒውተር ስለሚያስፈልገው ጥበቃ

ኮምፒውተር የሚባለው መሣሪያ በየትም አገር ቢሠራ ጠባዩ አንድ ቢሆንም፥ የሚኖርበት አገር አየር፥ የሚቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይልና የሚያርፍበት ቤት አሠራር ግን እንደየስፍራው የተለያየ ስለሆነ፥ ለአንዱ አገር የተጻፈ የአጠባበቅ መመሪያ ሳይታረም ለሌላው ሊያገለግል አይችልም። ከዕቃው ጋር በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው ትንሽ መጽሐፍ የተጻፈው መብራቱ ለማይጠፋ፥ መንገዱ ለማይቦን፥ የግድግዳው ሶኬት ሁሉ የምድር ሽቦ ላለው ቤት ነው። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ ዓባይ ከጣና ተለይቶ ጉዞውን በሚጀምርበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናሙና ነጐድጓዱ ሳያቋርጥ ይወርድባታል፥ በበጋ ደግሞ አስፋልትና ኮብልስቶን ካልደረሰባቸው መንደሮች የሚነሣው አቧራ በየመስኮቱ ይገባል፥ ሲመሽም ከሐይቁ ዳር የሚነሡት ትንኞች መብራት ወዳለበት ይጎርፋሉ። በሽምብጥም ሆነ በግሽ ዓባይ መንደር የሚኖር ሰው ኮምፒውተሩን ለመጠበቅ ሲያስብ፥ አሳቡን መጀመር ያለበት ከዚህ ከሚኖርበት አየርና ምድር ነው።

አሳቡንም ሲጀምር፥ በቤቱ ያለው ዕቃ በእውነቱ ሁለት ልዩ ልዩ ሀብት መሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። አንደኛው ሀብት በገንዘብ የተገዛው ግዙፉ አካል ነው፤ ሁለተኛው በውስጡ የተከማቸው ጽሑፍ፥ ሒሳብና ፎቶግራፍ ነው። በብዙ ቤት የሚታየው ግን ግዙፉ አካል በእጅ በተሠራ ዳንቴል ተሸፍኖ በሳሎን የክብር ስፍራ ሲቀመጥ፥ የልጅቱ የመመረቂያ ጽሑፍ፥ የሟች እናት ፎቶግራፍ፥ የእድሩ መዝገብና የሱቁ የዱቤ ሒሳብ ሌላ ቅጅ ሳይኖራቸው በዚያው በአንዱ ዲስክ ላይ መገኘታቸው ነው። ይህ የክብር ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው ብዬ አምናለሁ። አካሉ ቢቃጠል ገንዘብ ያገኘ ሰው ሌላ ይገዛል፤ የሟች እናት ፎቶግራፍ ግን በምንም ገበያ አይገኝም። በዚህ ምዕራፍ ስለ አካሉ ጥበቃ በሰፊው የምናገረውም፥ አካሉ የሌላው ሀብት ማደሪያ ስለሆነ እንጂ ከዚያ የበለጠ ስለሚከበር አይደለም። ዳንቴሉን በተመለከተ፥ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ አቧራ ስለሚከላከል መልካም ነው፤ በሥራ ላይ ሳለ ግን የአየር መውጫውን ዘግቶ ስለሚያሞቀው ሳይነሣ ኮምፒውተሩ ፈጽሞ አይበራ።

ከኮምፒውተሩ ጠላቶች ሁሉ አስቀድሞ ሊነገርለት የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የባሕር ዳር ሰው ከኤሌክትሪክ ምንጭ ርቆ የሚኖር አይደለም፤ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ከከተማዪቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሥራውን ጀምሯል፥ ሁለተኛው በ2001 ተጨምሮለታል፥ በ2010 ደግሞ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ እያወረደ እስከ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመርቋል። ነገር ግን ኃይሉ ከምንጩ ወደ ጎረቤት ቤት በቀጥታ የሚሄድ ሳይሆን፥ ወደ አገሪቱ መረብ ገብቶ፥ ከዚያም በማከፋፈያ ጣቢያ፥ በሠፈሩ ትራንስፎርመርና በምሰሶ ላይ በተዘረጋው ሽቦ በኩል ወደ ቤት የሚመለስ ስለሆነ፥ ነፋስ ቅርንጫፍ ሰብሮ ሽቦው ላይ በጣለ ጊዜ ወይም ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ በተሸከመ ጊዜ፥ ከፏፏቴው ሥር የሚኖር ሰው እንኳ በጨለማ ይቀመጣል።

መብራት ድንገት ሲሄድ የሚደርሰውን ጉዳት ሁሉም ያውቀዋል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍ ይጠፋል፥ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ተቋርጦ ከሆነም የመዝገቡ ሥርዓት ሊፋለስ ይችላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው መብራቱ የሚመለስበትን ቅጽበት ነው። የመስኖ ቦይ ተዘግቶ ቆይቶ በድንገት ሲከፈት የመጀመሪያው ውኃ መደቡን እንደሚንደው ሁሉ፥ መብራት ሲመጣም በሠፈሩ ያለው ማቀዝቀዣ፥ ፓምፕና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኃይል ስለሚስብ፥ የቮልቴጁ መጠን ለጥቂት ጊዜ ከፍና ዝቅ እያለ ይናወጣል፤ የኮምፒውተር ኃይል ሰጪ ክፍል የሚቃጠለውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ዲቫይደሩን ማጥፋት፥ ይልቁንም ሶኬቱን ከግድግዳው መንቀል፥ መብራት ከመጣም በኋላ አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ ታግሦ መሰካት፥ ምንም ገንዘብ ሳያስወጣ ከብዙ ወጪ የሚያድን ልማድ ነው። ይህን ልማድ ለልጆችም ለቤት ሠራተኛም ማስተማር ያስፈልጋል፤ መብራት የሚሄደው ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት ሊሆን ይችላልና።

የምጣድን ነገር ካነሣን፥ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ኃይል የሚወስድ በመሆኑ፥ በአንድ ሠፈር ብዙ ቤት በአንድ ሰዓት እንጀራ በሚጋግርበት ጊዜ 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ በጣም ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን የፈራ ሰው ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ይገዛል። ከመግዛቱ በፊት ግን የላፕቶፑን ቻርጀር ገልብጦ የተጻፈበትን ያንብብ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል የሚገልጽ ቁጥር ካገኘ፥ ዝቅ ያለው ቮልቴጅ ለዚያ መሣሪያ ብዙ የሚያሠጋ ስላይደለ፥ ለስታቢላይዘር የታሰበው ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ቢውል ይሻላል። ዘመዶች ከአሜሪካ በሚልኩት ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ከኋላ በኩል 115 እና 230 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ ሊኖር ይችላል፤ ይህ ማብሪያ በ115 ላይ እንዳለ በእኛ አገር ሶኬት ቢሰካ መሣሪያው በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ከዚያው አገር የመጣ ማተሚያ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፥ ጽሑፉ ሳይነበብ አይሰካም።

ዴስክቶፕ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊገዛው የሚገባው ዩፒኤስ ነው። ይህ በውስጡ ባትሪ ያለው ሣጥን መብራት በሄደ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃዎች ኃይል እየሰጠ፥ ሰውየው የጀመረውን ሥራ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዲዘጋ ዕድል ይሰጠዋል፤ ሥራውን እየቀጠለ እንዲያመሽበት የተሠራ አይደለም፤ በሌዘር የሚያትም ማተሚያም በላዩ ሊሰካ አይገባም፥ ባንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ነው። የእርሳስ ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚያገለግል ስለሆነ፥ ዕድሜው ሲያልፍ ሣጥኑ መብራቱን እያበራ በጎ መስሎ ይታይና በችግር ቀን ባለቤቱን ይከዳዋል፤ ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ሥራ በሌለበት ሰዓት ሶኬቱን ነቅሎ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚቆይ መፈተን ይገባል። ለባሕር ዳር ቤተ ሰብ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ይገዛ ቢባል፥ የገዛ ራሱን ባትሪ የያዘውን ላፕቶፕ እመርጥለታለሁ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ከሚደርሰው ጭንቀት ያሳርፈዋልና።

በብዙ ቤት የዴስክቶፑን የብረት ሣጥን በእጁ የነካ ሰው «ይነዝረኛል» ሲል ይሰማል። ምክንያቱ ሥውር አይደለም፤ በኃይል ሰጪው ውስጥ ጎጂ ሞገድን ወደ ምድር እንዲያፈሱ የተሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፥ ቤቱ የምድር ሽቦ ከሌለው ግን ወደ ምድር መውረድ ያልቻለው ኃይል በብረቱ ሣጥን ላይ ይቀራል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሰውን ከማስደንገጥ አያልፍም፤ ይሁን እንጂ ቤቱ የምድር ሽቦ እንደሌለው ወይም እንደተበጠሰበት የሚናገር ምስክር ነው። ከትርፍ ቮልቴጅ ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠው ዲቫይደርም የትርፉን ኃይል ከፊል የሚልከው ወደ ምድር ስለሆነ፥ ምድር በሌለበት ቤት የተነገረለትን ያህል አያገለግልም። የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ ባለሙያ ጠርቶ የምድር ዘንግ ማስተከል፥ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን በቤቱ የሚኖሩትን ሰዎችም የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ስለ መብረቅ የምለው አጭር ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር፥ ከመብረቅ ጉልበት ፊት የሚቆም ዲቫይደርም ዩፒኤስም ስለሌለ፥ ያለው መድኃኒት መንቀል ብቻ ነው፤ ሲነቀልም የኃይሉ ገመድ ብቻ ሳይሆን የስልክ ወይም የኢንተርኔት መስመሩ፥ ቴሌቪዥን ካለም የዲሹ ገመድ አብሮ ይነቀል። ብዙ ኮምፒውተር የሚሞተው ኃይሉ ተነቅሎለት፥ የኢንተርኔቱ ገመድ ግን እንደተሰካ በመቅረቱ ነው።

ወደ ሙቀትና አቧራ ስናልፍ፥ ከፍታችን ያመጣውን አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በባሕር ዳር ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ስለሆነ፥ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት በዚያው መጠን ያንሳል። አየራችን ቀዝቃዛ ስለሆነ ጉድለቱ በአብዛኛው ይካካሳል፤ የአየር መውጫው በአቧራ ከተደፈነ ግን መካካሻው ያልቃል። አቧራው ብቻውን ቢሆን በብሩሽ በቀላሉ ይጠረግ ነበር፤ በየዕለቱ ቡና በሚፈላበት ቤት ግን የከሰሉ፥ የዕጣኑና የሚቆላው ቡና ጢስ በቅባትነቱ አቧራውን ከማራገቢያው ክንፍ ጋር ያጣብቀዋል። ቡናውን ተዉ የሚል ምክር ከእኔ አይወጣም፤ ኮምፒውተሩ ግን ረከቦቱ ከሚቀመጥበት ማዕዘንና ከማድ ቤቱ በር ርቆ፥ ቄጤማ ከሚጎዘጎዝበትና ውኃ ከሚረጭበት ወለል ከፍ ብሎ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ላፕቶፕም በፍራሽ ወይም በብርድ ልብስ ላይ አይሥራ፤ አየር የሚስበው ከሥሩ ነውና።

ጽዳቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ አንዱ ክረምት ሳይገባ በግንቦት፥ ሌላው መስከረም ሲጠባ ቢደረግ የተገባ ነው። ሶኬቱ ይነቀላል፤ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ይጫናል፤ ሣጥኑ ተከፍቶ ለስላሳ በሆነ የቀለም ብሩሽ አቧራው ወደ ውጭ ይጠረጋል። ማራገቢያው በነፋስ ኃይል እንዲሽከረከር መተው መሽከርከሪያውን ስለሚጎዳ በጣት ተይዞ ይጸዳል። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል፥ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽንም በሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ጥቃቅኑን ክፍል ሊገድል ስለሚችል ሁለቱም ይቅሩ። ሣጥኑ ተከፍቶ ሳለ ጉንዳን ጎጆ ሠርቶ፥ ሸረሪት ድሩን አድርቶ ወይም የሐይቁ ትንኝ ረግፎ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከኋላ በኩል ክፍት የቀሩት ቀዳዳዎች በክዳናቸው ይዘጉ፥ ማታ ሥራ ሲያልቅም ስክሪኑ በርቶ ትንኝ ሲጠራ አይደር።

በክረምት የእርጥበቱ ነገር የሚያሠጋው፥ ከሚሠራበት ኮምፒውተር ይልቅ ሳይነካ የተቀመጠውን ነው። የሚሠራ መሣሪያ በገዛ ሙቀቱ እርጥበቱን ያደርቃል፤ ልጆች ለዕረፍት ወደ ገጠር ሲሄዱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ተዘግቶ የቆየ ግን በወርቅ ቀለም ያብረቀርቁ የነበሩት መገናኛዎቹ ሊዝጉ ይችላሉ። ስለዚህ የሚሠራበት ሰው ባይኖርም በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ይብራ። ከጫማና ከቦርሳ ጋር የሚመጡት እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ላፕቶፑ በሚቀመጥበት ቦርሳ ውስጥ ቢከተቱ ይረዳሉ። ውኃ ወይም ሻይ የፈሰሰበት እንደሆነ፥ ሳይዘገይ ቻርጀሩን መንቀል፥ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት፥ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ማውጣት፥ ከዚያም ገልብጦ በጥላ ስፍራ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ማድረቅ ነው፤ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብሎ ቶሎ ማብራት ሊድን የሚችለውን ይገድላል። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ግን ቢደርቅም መብላቱን ስለማይተው፥ በጠጋኝ እጅ ተከፍቶ ሳይጸዳ አይቅር።

ከአካሉ ጥበቃ ወደ ውስጡ ስንሻገር፥ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ ባለ ማናቸውም ፎቶ ኮፒ ቤት የሚደረገውን መመልከት ይበቃል። ተማሪው ጽሑፉን ለማሳተም ፍላሹን ይሰጣል፤ ያ ኮምፒውተር ከማለዳ ጀምሮ የብዙ ሰው ፍላሽ ተሰክቶበታል፤ ፍላሹም ቫይረስ ይዞ ወደ ቤት ይመለሳል። በእኛ ዘንድ ስሙ የገነነው ሾርትከት የሚባለው ቫይረስ የሚያደርገው፥ እውነተኛዎቹን ፋይሎች ደብቆ፥ በስማቸው የሚጠሩ ሐሰተኛ ምልክቶችን በቦታቸው ማኖር ነው፤ ሰውየው ምልክቱን በነካ ቁጥር ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። ብዙ ሰው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል፤ በእውነቱ ግን ፋይሉ ተደብቋል እንጂ አልጠፋም፥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ የሚያዘውን ምርጫ በማብራት፥ ፍላሹም በጸረ ቫይረስ ከተመረመረ በኋላ፥ ሊገኝ ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 ካወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፍላሽ በተሰካ ጊዜ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ አድርጓል፤ የሰው እጅ ሐሰተኛውን ምልክት ሲነካ ግን ይህ ጥበቃ ምንም አያደርግም። የኔ ምክር፥ ለማተሚያ ቤት ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ፍላሽ ለይቶ መያዝ፥ በእርሱም የሚታተመውን ጽሑፍ በፒዲኤፍ ብቻ አድርጎ መውሰድ፥ ሲመለስም ምንም ሳይከፍቱ ፎርማት ማድረግ ነው። ዋናው ጽሑፍ ያለበት ፍላሽ ወይም ዲስክ ከቤት አይውጣ።

ጸረ ቫይረስን በተመለከተ፥ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ለቤት ይበቃል። ሁለት ጸረ ቫይረስ ጭኖ እርስ በርስ ማዋጋት ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል እንጂ ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም። ክራክ የተባለው፥ የፕሮግራምን ቁልፍ ሰብሮ በነፃ የሚያስጠቅም ነገር ግን፥ ለመጫን ሲባል መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ የሚል ትእዛዝ ይዞ ስለሚመጣ፥ በሩን በገዛ እጁ የከፈተ ሰው ማን እንደገባበት ሊያውቅ አይችልም። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ በነፃ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ ከተሰረቀ ፕሮግራም እጅግ ይሻላል።

የዊንዶውስ ማሻሻያ (አፕዴት) ነገር ከዚህ የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን ይዞ፥ የሰዎችን ፋይል ቆልፎ የቤዛ ገንዘብ ሲጠይቅ፥ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከማይክሮሶፍት ከወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ የተጠቁትም ማሻሻያውን ያልተቀበሉት ናቸው። በእኛ አገር ማሻሻያ የሚዘገየው በቸልታ ብቻ አይደለም፤ በጥቅል የተገዛ የሞባይል ኢንተርኔት ውድ ስለሆነ ሰው ለማሻሻያ ማውጣቱን ይሰስታል፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ የብዙ ቤት ኮምፒውተር ከማሻሻያ ተለይቶ ኖሯል። እንዲህ ካለ ዕረፍት በኋላ መስመር የተገኘ እንደሆነ፥ ከፊልምና ከዘፈን በፊት የመጀመሪያው ጥቅል ለዊንዶውስ ማሻሻያ ይሁን፤ በዩኒቨርሲቲው ወይም በመሥሪያ ቤት ዋይፋይ የሚጠቀም ሰውም ላፕቶፑን ይዞ በሄደ ጊዜ ይህንኑ ያስቀድም። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው የተለመደ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ፥ አካሉ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው፥ ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሥርዓት ቢያስጭንበት መሣሪያው ገና ለብዙ ዓመት ሊያገለግለው ይችላል።

በአንድ ኮምፒውተር መላው ቤተ ሰብ በሚጠቀምበት ቤት፥ አባትና እናት የሚጠቀሙበት አስተዳዳሪ የተባለው አካውንት ለብቻው ይሁን፥ ለልጆቹ ደግሞ ፕሮግራም ለመጫን ሥልጣን የሌለው ተራ አካውንት ይከፈትላቸው። ይህ ልጆችን ማሳፈር አይደለም፤ ልጁ ጨዋታ አገኘሁ ብሎ የሚያወርደው ነገር የአባቱን የሥራ ጽሑፍ እንዳያጠፋ የሚከለክል አጥር ነው። ቴሌግራም በኮምፒውተሩ ላይ የከፈተ ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ በሚላከው ኮድ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ይጨምር፤ ያንንም ኮድ ወንድሙ ነኝ ብሎ ለሚጠይቀው እንኳ አይስጥ።

አሁን ደግሞ ከዕቃው ጋር በሚመጣው መመሪያ ውስጥ ወደማይገኝ፥ በገዛ ፊደላችን ላይ ወደ ደረሰ ጉዳት እመጣለሁ። የግዕዝ ፊደል ለዓለሙ ኮምፒውተር ሁሉ አንድ በሆነው በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፥ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ እየደረቡ፥ እያንዳንዱም በየራሱ ሥርዓት ያስቀምጣቸው ስለነበር፥ በዚያ ዘመን የተጻፈ ሰነድ ያው የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ይህ ቫይረስ አይደለም፥ ዲስኩም አልተበላሸም፤ ይሁንና በየደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት፥ በየእድሩና በየደራሲው ቤት የተከማቸ ጽሑፍ አሮጌው ኮምፒውተር በሞተ ቀን አብሮ የማይነበብ ይሆናል። ያ አሮጌ ፕሮግራም ገና የሚከፈትበት ኮምፒውተር ያለው ሰው፥ ሰነዶቹን ሳይውል ሳያድር ወደ ዩኒኮድ ይለውጣቸው፤ መለወጡ ከበደው እንኳ እንዳሉ በፒዲኤፍ ያስቀምጣቸው፥ ቢያንስ መነበባቸው አይቀርም። ከዚህ ምዕራፍ አንድ ሥራ ብቻ ልሥራ የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እንዲህ ያለ ሰነድ ካለው ይህን እንዲመርጥ እለምነዋለሁ።

ጽሑፍን ከጥፋት ስለማዳን የጣና ደሴቶች ታሪክ ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ጦርነት ዘመን ከየብሱ የሸሹ ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በውኃ በተከበቡት ገዳማት ተጠብቀዋል፤ ዛሬም በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ዕቃ ቤት ለማየት የበቃ ሰው መጻሕፍቱን በቆዳ ማኅደራቸው ውስጥ ያገኛቸዋል። ነገር ግን ርቀትና ውኃ የሚከላከሉት ወታደርን እንጂ እሳትን፥ እርጥበትንና ምስጥን አይደለም፤ ስለዚህም አባቶች በርቀት ብቻ ሳይታመኑ እየገለበጡ ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት ወደ ደሴቶቹ መጥቶ መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም አነሣቸው፥ የክብራን ገብርኤልንም ካታሎግ በ1973 አሳተመ። በዚያው በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ተጀምሮ፥ በመላው አገሪቱ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት ተነሥተው፥ አንዱ ቅጅ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ተቀመጠ፤ የካታሎጉንም ሥራ አብዛኛውን ዕድሜአቸውን ሰጥተው የሠሩት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በደሴቱ ያለው ብራና፥ በአዲስ አበባ ያለው ፊልምና ባሕር ማዶ ያለው ሌላው ፊልም ባንድ ቀን፥ ባንድ ምክንያት ሊጠፉ አይችሉም።

የኮምፒውተር ዐዋቂዎች የደነገጉት ሕግም ይኸው ነው፤ ከማናቸውም ውድ ፋይል ሦስት ቅጅ ይኑር፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፥ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን ይላሉ። በባሕር ዳር ቤት ሲተረጎም፥ አንደኛው ቅጅ በኮምፒውተሩ፥ ሁለተኛው ተለይቶ በተገዛ ውጫዊ ዲስክ፥ ሦስተኛው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ባለ ወንድም ቤት በተቀመጠ ሌላ ዲስክ ላይ ይሆናል። ጉግል ድራይቭ የመሰለው የኢንተርኔት መዝገብ እስከ 15 ጊጋ ባይት በነፃ ስለሚሰጥ ለመመረቂያ ጽሑፍና ለሒሳብ ከበቂ በላይ ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ ግን በእኛ መስመር ፍጥነት በቀላሉ ሊጫን ስለማይችል፥ መስመሩም ለወራት ሊቋረጥ እንደሚችል ስላየን፥ በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። ፍላሽ ደግሞ ዕቃ ማመላለሻ እንጂ ማከማቻ አይደለም። ውጫዊው ዲስክ የሚሰካው ቅጅ በሚወሰድበት ሰዓት ብቻ ይሁን፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ መብረቅም ቫይረስም ሲመጣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይሞታል። በሳምንት አንድ ቀን፥ ቅዳሜ ቢሆን ቅዳሜ፥ ቅጅ የሚወሰድበት ቀን ተለይቶ ይታወቅ፤ ከተወሰዱትም ፋይሎች አንዱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይሞከር፥ ሳይሞከር የተቀመጠ ቅጅ በችግር ቀን ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

የቀድሞ ጸሓፊዎች በመጽሐፉ መጨረሻ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ይጽፉ ነበር። በእኛ ዘመን ሌባውን የሚከለክለው ቁልፍ ነው። የዊንዶውስ የይለፍ ቃል ብቻውን ግን ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን ሌባ አያግደውም፤ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ የሚቆልፈው ቢትሎከር ባለበት ኮምፒውተር ይህ ቢበራ መልካም ነው፥ የመክፈቻው ቁጥርም በወረቀት ተጽፎ ከኮምፒውተሩ በተለየ ስፍራ ይቀመጥ፤ ቁጥሩ የጠፋበት ባለቤት በገዛ ፋይሉ ላይ እንደ ሌባ ተቆልፎበት ይቀራል።

አሮጌው ኮምፒውተር ሲሸጥ ወይም ለዘመድ ሲሰጥ፥ ፋይሉን ማጥፋት ብቻ ስሙን ከመዝገብ መፋቅ እንጂ ጽሑፉን ከዲስኩ ማስወገድ ስላይደለ፥ ዊንዶውስ በራሱ የሚያቀርበው ሁሉን አጥፍቶ ዲስኩን የሚያጸዳ ትእዛዝ ይሰጠው፤ ወይም ዲስኩ ወጥቶ በባለቤቱ እጅ ይቅር። የዩፒኤስ እርሳስ ባትሪ ውኃ ወደሚወርድበት ቦይ አይጣል፥ የቦዩ መድረሻ ሐይቁ ሊሆን ይችላልና፤ አሮጌ ባትሪ እየገዛ ለሚያስረክብ ነጋዴ ይሰጥ፤ በየበሩ ለሚዞረው ቁራሌው ግን በተሰበረ ሁኔታ አይሰጥ፥ በውስጡ ያለው አሲድ እጁን ይበላዋልና። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ ከሆነ ደግሞ፥ ቻርጅ ሳይደረግ፥ ሳይወጋና ሳይታጠፍ፥ ደረቅ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ፥ ጠጋኙ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ፥ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።